ከሐይቁ ዳር የቆሙት ሁለት ሴቶች

በሱዳን፣ በኒው ሀልፋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ለጎረቤቶቻቸው የተደረገ ዲስኩር

ግቢያችሁን ከፍታችሁ ምንጣፍ ያነጠፋችሁልን የኑቢያ ጎረቤቶቻችን፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድማችን የምናገረውን በዐረብኛ ያስተረጉምላችኋል። ከፈጠንኩ እጁን ያነሣል፤ እኔም እቆማለሁ።

ከኋላዬ የተለጠፈውን ሥዕል ያሳተምኩት ገበያው ውስጥ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀለሙ ከዋናው ጋር ልክ አይደለም፤ ቀዩ ደብዝዟል፣ ሰማዩም ትንሽ ጠቁሯል። ቅድም ወንበር ስንደረድር አንዲት እናት ጠጋ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይቺ አገር የት ናት?» አሉኝ። ዴንማርክ ናት አልኳቸው። «እኔስ ጣና መስላኝ፤ ማታ ማታ ታንኳ የሚጠብቁ ሰዎች መሰሉኝ» አሉ። ልናገር ካሰብኩት ግማሹን እሳቸው ጨርሰውልኛል።

ሠዓሊው ክሪስተን ኮብከ ይባላል። የሣለው በ1838 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዋናው ሥዕል ኮፐንሃገን ውስጥ በዴንማርክ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል። ትልቅ ሥዕል አይደለም፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎት ሊሄድ ይችላል። ርእሱ ግን ረጅም ነው፦ ከሶርተዳም ሐይቅ አጠገብ፣ ከዶሰሪንግ ላይ ሆነው ወደ ኖሬብሮ ሲያዩ የሚታየው፣ እንደ ማለት ነው። ሠዓሊው የቆመበትን ቦታ፣ ዓይኑ የዞረበትን አቅጣጫ ሳይቀር ነግሮናል። ለሰፈሩ ሰው የጻፈው ይመስላል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ቦታውን ያውቀዋል።

እስቲ ለአንድ አፍታ ዝም ብለን እንየው።

ከሥዕሉ ግማሽ የሚበልጠውን የያዘው ሰማይ ነው። ፀሐይ ልትገባ ያለችበት፣ ነፋስ የቆመበት ሰዓት ነው። ከሰማዩ ሥር በስተወዲያ ዝቅ ያለ ዳርቻ በዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። ሐይቁ ተኝቷል። በቅርባችን የእንጨት መረማመጃ ወደ ውሃው ገባ ብሏል፤ አንድ ረጅም ምሰሶ ቆሟል፣ ቀይና ነጩ የዴንማርክ ባንዲራ ተሰቅሎበታል። መረማመጃው ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ወደ ውሃው ስለዞሩ መልካቸውን አናይም። እነሱ የሚያዩት እየቀረበች ያለች ጀልባ ነው። በጀልባዋ የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ ሴቶቹ ለምን እንደቆሙ ሥዕሉ አይነግረንም። ባል ይሁን ወንድም፣ ወይ ከገበያ የሚመለስ ጎረቤት፣ ለእኛ የተተወ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ግን ዳር ላይ ቆሞ ሰው መጠበቅ ምን እንደሆነ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ተከዜን በሐምዳይት በኩል የተሻገራችሁ አላችሁ። በመተማና በጋላባት በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥታችሁ እዚሁ የቀራችሁ አላችሁ። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ያልነበረው ማን አለ?

አሁን ሴቶቹን ትተን ውሃውን እንይ። ለብዙ ዓመታት ልጆችን ሥዕል ሳስተምር እንዳየሁት፣ ውሃ ሣሉ ሲባሉ ሁሉም መጀመሪያ ሰማያዊውን እርሳስ ያነሣሉ። ውሃ ግን የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ ከላዩና ከዳሩ ካለው ይበደራል። ሲበደርም እንዳለ አይወስድም። ጥቁር ዛፍ ውሃ ውስጥ ሲታይ ከዛፉ ትንሽ ይፈዛል፤ ነጭ ግድግዳ ውሃ ውስጥ ሲታይ ከግድግዳው ትንሽ ይጨልማል። ጨለማውም ብርሃኑም ውሃ ውስጥ ይቀራረባሉ። ይህችን ነገር ያወቀ ሠዓሊ አንድም ሞገድ ሳይሥል ውሃውን ያስተኛዋል። ኮብከ ያወቃት ሐይቁ ዳር ደጋግሞ ቆሞ በማየት ነው።

ኮብከ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። አባቱ ኮፐንሃገን ምሽግ ውስጥ ለወታደሩ ዳቦ የሚጋግር ባለሙያ ነበር፤ ልጁም ያደገው በምሽጉ አጥር ውስጥ ነው። በ1833 ቤተሰቡ ከምሽጉ ወጥቶ ከዚህ ሐይቅ አጠገብ ሰፈረ። ከዚያ በኋላ ከሣላቸው ምርጥ ሥዕሎች ብዙዎቹ ከቤቱ በእግር የሚደረስባቸውን ቦታዎች የሚያሳዩ ናቸው። ጣሊያንም ሄዶ ነበር፤ የዘመኑ ሠዓሊ ሁሉ የሚመኘውን ጉዞ አድርጓል። በእኔ ዓይን ግን ከጣሊያን ያመጣው ከቤቱ ደጃፍ ካገኘው አይበልጥም። በ1846 የሥነ ጥበብ አካዳሚው አባል ለመሆን ያቀረበው ሥራ ተቀባይነት አላገኘም። በ1848፣ 38 ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ምች ሞተ። ዛሬ የዴንማርክ ሰው ሥዕል ሲባል ቀድሞ ከሚጠራቸው ስሞች አንዱ የእሱ ነው።

ስለዚህ ሐይቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሶርተዳም እግዜር የፈጠረው ሐይቅ አይደለም። የኮፐንሃገን ሰዎች ከተማቸውን ከጠላት ለመከላከልና የሚጠጣ ውሃ ለማጠራቀም ሲሉ የገደቡት ነው። ዶሰሪንግ የሚለው የቦታው ስም ራሱ የተደለደለ የግድብ ጎን ማለት ነው። ሠዓሊው የቆመው ግድብ ላይ ነው። ከአካባቢያችን ከኸሽም አልግርባ ግድብ ላይ ቆሞ ወደ ውሃው እንደሚያይ ሰው ነው ያየው።

ግድብ እንዴት ይህን ያህል ያምራል? ዳሩ ስለተጠበቀ ነው። ዛፉም ደኑም እንዲሁ። በዚያ ዘመን ዴንማርካውያን ሐይቅ ዳር ያለ ደን መሣል ይወዱ ነበር። ፒተር ክሪስቲያን ስኮውጎር የሚባለው ከሁሉም ይበልጥ በደን የታወቀ ነው፤ በ1857 የሣለው፣ በግንቦት ቅጠሉን ገና ያወጣ ደን በዚያው በብሔራዊ ቤተ መዘክሩ አለ። ዮሐን ቶማስ ሉንድቡ የሚባለው ወዳጁ ደግሞ የሕይወቱ ሥራ ውድ አገሩን በቀላልነቷ መሣል እንደሆነ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፏል። በ1848 ጦርነት ሲነሣ በፈቃዱ ዘመተ። ገና ውጊያ ሳይገጥም በሰፈር ውስጥ በድንገት በተተኮሰ ጥይት ሞተ፤ ዕድሜው 29 ነበር። የእነዚህ ሰዎች ሥዕል ጸጥ ያለ ነው። ጸጥታው ግን ከደህና ዘመን የመጣ እንዳይመስላችሁ።

ኮብከ ከመወለዱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1807፣ እንግሊዞች ኮፐንሃገንን በመድፍ ደብድበው የዴንማርክን የባሕር ኃይል መርከቦች ወስደዋል። በ1813 የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ከሰረ። በ1814 ኖርዌይን የሚያህል አገር ከእጃቸው ወጥቶ ለስዊድን ተሰጠ። ኋላም በ1864 በደቡብ በኩል ያሉ ግዛቶቻቸውን በጦርነት ተቀሙ። የሠዓሊዎቹ ትውልድ በሁለት ሽንፈት መካከል የኖረ ትውልድ ነው። ኒልስ ላውሪትስ ሆየን የሚባል የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር በ1844 እንደ ዛሬው ያለ የሕዝብ ዲስኩር አድርጎ፣ ሠዓሊዎች የሮማን ፍርስራሽ ትተው የገዛ አገራቸውን መሬትና ሕዝብ እንዲሥሉ አጥብቆ መከረ። ኮብከ ግን ዲስኩሩ ከመደረጉ ስድስት ዓመት ቀድሞ ደጃፉን ሥሎ ጨርሶ ነበር።

ወደ ደኑ ልመለስ፤ የዛሬው ነገሬ ያለው እዚያ ነው።

በ1800 ገደማ የዴንማርክ ደን አልቆ ነበር። ከምድሪቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነበር በዛፍ የተሸፈነው። ለመርከብ፣ ለማገዶ፣ ለቤት ተቆርጧል፤ የተረፈውን ከብት ገብቶ ቡቃያውን ይጨርሰዋል። የቆመው ዛፍ ሽማግሌ ነው፤ ልጅ የለውም። በ1805 ንጉሡ አዋጅ አወጣ። የአዋጁ ዋና ነገር፦ ደኑ ይታጠር፣ ከብት አይግባበት፣ የቆረጠ ይትከል የሚል ነው። ስኮውጎር ተወልዶ ለመሣል በደረሰበት ጊዜ፣ ከብት የማይደርስባቸው ለጋ ዛፎች አድገው ነበር። በሥዕሉ የምናየው አረንጓዴ የአዋጅ አረንጓዴ ነው ብል አላበዛሁም። አጥሩ ሥዕሉ ላይ አይታይም፤ ዛፎቹ የቆሙት ግን አጥሩ ስላለ ነው። ከ1864 ሽንፈት በኋላም በ1866 ማኅበር አቋቁመው ጠፍ የነበረውን ምዕራባዊ መሬታቸውን ለእርሻና ለደን ማልማት ያዙ። ዛሬ ደናቸው ከአገሪቱ 14 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል።

ቅድም «ጣና መስላኝ» ያሉት እናት የት ናቸው? አዎ። እናቴ፣ የጣና ደን የት ተረፈ? ዘጌ ነው። በዘጌ ከብት አይረባም፣ በሬ አይጠመድም። የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ያኖሩት ግዝት ነው ይባላል፤ ሕዝቡም አክብሮት ኖሯል። ስለዚህ ዘጌ የቡና፣ የጌሾና የፍራፍሬ አገር ሆነ፤ ደኑም እስከ ውሃው አፋፍ ወርዶ ቆመ። ንጉሡ በአዋጅ ያስጠበቀውን የእኛ አባት በግዝት አስጠበቁ፤ ሁለቱም ዘንድ ነገሩ አንድ ነው፦ ከብቱን ከዛፉ መለየት። የእኛው ግን በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ይህን ስናገር ደስ እያለኝ ነው፣ አልደብቅም። ልማዱ ከአንድ ልሳነ ምድር ብዙም አለመራቁ ግን ያሳዝነኛል።

«ታዲያ እኛ ደናችንን ለምን አልሣልነውም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ወደ ዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሥዕል ሞልቶበታል። ቅዱሳኑ፣ መላእክቱ፣ ነገሥታቱ አሉ፤ ዓይናቸው ትልቅ፣ ከኋላቸው ያለው መደብ ቢጫ ወይ ቀይ ወይ አረንጓዴ ሆኖ የተቀባ ነው። ዛፍ የሚመጣው ታሪኩ ሲጠራው ነው። ሆሳዕና ከሆነ ዘንባባ ይመጣል። ዛፉ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው የሥዕል ባለቤት አይሆንም። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ሲያወሩት እሰማለሁ፤ አልስማማም። ከግድግዳው ውጭ፣ በበሩ ትይዩ፣ ደኑ ራሱ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቅዱሳኑን የሣሉት ሰዎች ውጭ ያለውን ዛፍ በሥዕል ሳይሆን በአጥር አኖሩት። ሥዕሉ ያስፈለገን ደኑ ከዓይናችን መራቅ ሲጀምር ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፍተው ተማሪ ማሠልጠን ከጀመሩ በኋላ ኮረብታው፣ ጎጆው፣ ባሕር ዛፉ በሸራ ላይ ለራሱ መታየት ጀመረ። ያ ትውልድ ከገጠር መጥቶ ከተማ የገባ ትውልድ ነበር፤ ዞር ብሎ የተወውን አየ።

ስኮውጎርና ሉንድቡ ሐይቅ ዳር ቆመው በሚሥሉበት በዚያው ጊዜ አንድ ጀርመናዊ ሠዓሊ ስሜን ነበር። ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል፤ በ1847 መጥቶ ከደጃዝማች ውቤ ዘንድ አደረ። ሺምፐር ከሚባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ጋር ሆኖ ውቤ ያሠሩትን የደረስጌ ማርያምን ሕንጻ በሙያው አግዟል። ውቤ ግን የተመኙትን ንግሥና አላገኙም፤ በ1855 ደረስጌ ላይ ተሸንፈው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ነገሡ። ዛንደርም ለቴዎድሮስ አደረ፣ አገሩ ሳይመለስ በ1868 ሞተ። ይህን ሰው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እሱ የቆመበት የስሜን ተራራ ውሃ ወዴት ይወርዳል? ወደ ተከዜ። ተከዜ ድንበር ሲሻገር ሰቲት ይባላል። ሰቲት ከአትባራ ይገናኛል። አትባራ ራሱ ከጎንደር በኩል የሚወርደው የእኛው ጓንግ ነው፤ አንገረብም መንገድ ላይ ይገባበታል። ሁሉም ተጠራቅመው ኸሽም አልግርባ ግድብ ይደርሳሉ። ከዚያ በተርዓው፣ በመስኖ ቦዩ፣ ወደዚህ ይመጣሉ። ዛሬ ጠዋት የተፈላው ቡና የስሜንና የላስታ ውሃ ነው።

ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1861 ከዚህ በታች አትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋና እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ብቻ ነበር። ጁን 23 ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎች «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ሲጮኹ ሁሉም ከአሸዋው ላይ እየተነሣ ሮጠ። ሲነጋ ስፋቱ 500 ያርድ የሚሆን ወንዝ በፊቱ ይፈስ ነበር። በሰፈረበት አንዲት ጠብታ አልዘነበችም። የዘነበው ሐበሻ ላይ ነው። ቤከር ወንዙ ጭቃ ተሸክሞ እንደሚመጣ አይቶ የግብፅን ለም መሬት የሠራው የሐበሻ አፈር እንደሆነ ጽፏል።

ይህ አፈር ነው የዛሬው ጭንቀታችን። የኸሽም አልግርባ ግድብ በ1964 ሲያልቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። ከዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቦታ ደለል ወስዶታል። በየከሪፉ፣ በየዝናቡ ወቅት፣ በሮቹን ከፍተው ጭቃውን ለመጥረግ ይሞክራሉ። በ2017 ከላይ በኩል በሩሜላና በቡርዳና ሌሎች ግድቦች ተመርቀዋል፤ አሁን ወደዚህ የሚወርደው ጭቃ ቀድሞ የሚያርፈው እነሱ ውስጥ ነው። ይህ ጭቃ ከየትም አልመጣም። ከብት ቡቃያውን የጨረሰበት፣ ዛፉ ተቆርጦ ቁልቁለቱ የታረሰበት የሰው ማሳ ነው። የጠለምት፣ የወገራ፣ የበለሳ፣ የዋግ ገበሬ አፈሩ ዓይኑ እያየ ሄዶበታል። ከእኛ መካከል ያ ገበሬ የነበረ ሰው አለ። መሬቱ አላበላው ሲል ተነሥቶ ወደ ገዳሪፍ ወረደ፤ አፈሩም በሌላ መንገድ፣ በውሃው፣ ተከትሎት ወረደ። ሁለቱም እዚህ ተገናኙ። እኔ ይህን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ጎረቤቶቻችን ልዙር። ስለ ውሃ ዳር ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ እኔ የማነሣው ልጆቻችን እንዲሰሙት ነው።

ልጆች፣ ይህች ከተማ ለምን «አዲሷ ሀልፋ» እንደተባለች ታውቃላችሁ? አሮጌዋ ዋዲ ሀልፋ በዓባይ ዳር፣ ከዚህ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በሰሜን ነበረች። በ1959 ግብፅና ሱዳን ተፈራረሙ፤ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ከኋላው የሚተኛው ውሃ የኑቢያን መንደሮች እንደሚያሰጥም ተወሰነ። ግብፅ ለካሳ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለች። ሰዎቹ ወደ ኸሽም አልግርባ ሜዳ መሄድ አንፈልግም ብለው በ1960 ተቃውሞ አስነሡ፤ አልተሰሙም። ከጃንዋሪ 1964 ጀምሮ 50,000 ያህል ሰው በባቡር ወደዚህ ተጓዘ። የፋረስ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ተጓዦች ነበሩ። ከመሳፈራቸው በፊት ወደ መቃብር ሄደው ሙታናቸውን ተሰናበቱ። ዝናብ ከማያውቅ አገር መጥተው ነጎድጓድና ሀቡብ የሚባል የአቧራ ማዕበል ያለበት ሜዳ ላይ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች ውስጥ ሰፈሩ።

የዚያን ጊዜ የዋዲ ሀልፋ አስተዳዳሪ የነበሩት ሐሰን ደፋላ ያን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፈውታል፤ በ1975 ታትሟል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ የተምር ዛፎቹ ቆጠራ ነው። ካሳ ለመክፈል በዓባይ ዳር ያለው እያንዳንዱ ዘንባባ መቆጠር ነበረበት። አንድ ዛፍ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የወንድማማች፣ የአጎትና የአክስት ልጆች ድርሻ አለበት። ቆጣሪዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየሄዱ፣ የማን እንደሆነ እየጠየቁ መዘገቡ። እስቲ አስቡት፤ በመዝገብ ላይ ያለ የውሃ ዳር ደን ነው። ስኮውጎር በቀለም ያደረገውን እነሱ በቁጥርና በስም አደረጉት። ደኑ ዛሬ በውሃ ሥር ነው፤ መዝገቡ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት እንደነበረው ይናገራል።

ሥዕልም ነበራቸው። ሜሪያን ዌንዘል የምትባል የሥነ ጥበብ ተመራማሪ ውሃው ከመድረሱ በፊት ከመንደር መንደር እየዞረች የኑቢያን ቤቶች ጌጥ መዘገበች፤ መጽሐፏ በ1972 ወጣ። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ አበባ፣ አዞ፣ አንበሳ፤ በኖራ የነጣ ደጃፍ፤ ከበሩ በላይ ግድግዳው ውስጥ የተተከለ የሸክላ ሳህን። ከዚያም በአሸዋ ተቀብሮ የኖረ የፋረስ ካቴድራል ነበር። ፖላንዳዊው ካዚሚየሽ ሚካሎቭስኪ ከ1961 ጀምሮ ሲያስቆፍር ከ120 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች ተገኙ። ከግድግዳው እየላጡ አወጧቸው፤ ከፊሉ ዋርሶ፣ ከፊሉ ካርቱም ገባ። ከእነዚያ አንዷ ቅድስት ሐና ናት፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ትልልቅ ዓይኖቿን ያየ የእኛ ሰው ከቤቱ የወጣች ይመስለዋል። እሷም ከመስጠም የተረፈችው በስተመጨረሻው ሰዓት ነው።

ጎረቤቶቻችን እዚህ የመጡት የውሃ ዳራቸው ስለሰጠመ ነው። እኛ የመጣነው የተራራ ዳራችን ስለተሸረሸረ ወይ ስለተቃጠለ ነው። የዴንማርክ ሠዓሊዎች ግዛታቸው ሲያጥር ወደ ደጃፋቸው ዞሩ። እዚህ አገር ያለነው ሐበሾች የምናየው ግን ወዴት ነው? ስልካችን ላይ ያለውን ባሕር ዳር እናያለን፤ አውሮፓን እናያለን። ከፊታችን የሚፈሰውን ተርዓ አናየውም። «የሰው አገር ነው፣ ነገ እንሄዳለን» እንላለን። ይህን እያልን 20 ዓመት፣ 30 ዓመት የኖርን አለን። እዚህ ተወልደው ጓንግን አይተው የማያውቁ ልጆች አሉን፤ የጓንግን ውሃ ግን በየቀኑ ይጠጣሉ። ለእነዚህ ልጆች አገራቸውን በዚህ ውሃ ማሳየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።

ተርዓው ዳር ምን አለ? ሚስኪት አለ። አዎ፣ ገበሬው የሚረግመው እሾሃም ዛፍ። ነፋስና አሸዋ እንዲመክት ተብሎ ተተክሎ፣ ኋላ ሀዋሻውን፣ የእርሻ መሬቱን፣ ሁሉ ወረረው። የተከሉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ፍሬውን ፍየልና በግ እየበሉ በየሄዱበት ይዘሩታል። በዴንማርክና በዘጌ ከብት የዛፍ ጠላት ነው፤ እዚህ ከብት የዛፍ ዘሪ ሆኗል። ይህን በሚገባ ለማየት ሥዕል ይረዳል እላለሁ፤ አንድን ቅርንጫፍ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የሣለ ሰው እሾሁ ከየት እንደሚወጣ፣ ፍሬው እንዴት እንደተንጠለጠለ ያውቃል፤ ማታ ከሽማግሌ ጋር ሲቀመጥም የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረዋል።

የተርዓው ውሃ እንደ ሶርተዳም ጥርት ያለ አይደለም፤ በከሪፍ ቡናማ ነው። ቡናማ ውሃ ለመሣል ይከብዳል፤ ደስ ግን ይላል። ቅድም ያልኳችሁን አስታውሱ፦ ጥቁሩ ይፈዛል፣ ነጩ ይጨልማል። ጭቃ ያለበት ውሃ ከዚያ ላይ የራሱን ቀለም ይጨምራል። ያንን ቀለም ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም። ከዳሩ አንድ እፍኝ ጭቃ አንሡ፣ ድንጋዩን ለቅማችሁ በውሃ በጥብጡት፣ ትንሽ ሙጫ ጨምሩበት። ሙጫ ደግሞ የዚህ አገር ሀብት ነው፤ ከገዳሪፍ ገበያ የማይጠፋ የግራር ሙጫ። ባለፈው ሳምንት ሞክሬዋለሁ። ወረቀት ላይ ሲደርቅ እንደ ቡና አተላ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ሰጠኝ። ጎንደር ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ እግሬን ያለብሰኝ የነበረው ያ ቀለም ነው።

ዓርብ ሥራ የለም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከዚህ ግቢ ተነሥተን ወደ ትልቁ ተርዓ እንሄዳለን፤ ብርሃኑ የሚለሰልሰው ያን ጊዜ ነው። የጎረቤቶቻችን ልጆችም ይምጡ። አያቶቻቸው የሳህኑን ነገር፣ የበሩን አዞ የሚያስታውሱ ከሆነ እየጠየቁ ይምጡ፤ ከወንዙ ጋር አብረን እንሥለዋለን። ቅድም የጠየቁኝ እናት ደግሞ ታንኳ ሠርተው የሚያሳዩን ከሆነ፣ ልጆቹ ከተገኘው ሸምበቆ ያመጣሉ። ወረቀቱና እርሳሱ ጀበናው አጠገብ ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ስትወጡ ሁለት ሁለት ውሰዱ።